ዓሣ የሚበላው ቀንድ አውጣ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ ምላሴ ጫፍ ሲደርስ እውጠዋለሁ።

ደሱ አብሮ አደጌ ነበር። በንጉሡ ዘመን ከሰቆጣ ወጥተን ምጽዋ ወደብ ሸክም እንሠራ ነበር። አንድ እሑድ ባሕሩ ዳር ስንንቦጫረቅ፣ ደሱ እንደ ጥለት ያማረ ዛጎል አየና አነሣ። ውስጡ የነበረው ቀንድ አውጣ ወጋው። እኔ አየሁ! እጁ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው አየሁ። ተሸክሜ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ዓሣ አጥማጆቹ፣ ይህ ፍጡር ዓሣ በመርዝ ወግቶ እንደሚበላ ነገሩን። ደሱ ዳነ፤ አንዲት ጣቱ ግን ደንዝዛ ቀረች፣ ጫፏም ተቆረጠ። ዛጎሉን እኔ ያዝኩት።

አገር ቤት ስንገባ ደሱ ትርንጎ የምትባል የአገራችንን ልጅ ሊያጭ ሽማግሌ ላከ። እኛ ዘንድ ልጅ ከመስጠት በፊት ዘር ይጠየቃል፣ ደዌ ይጣራል። አባቷ ሁለታችንን አስጠርተው ያችን ጣት በወስፌ ነካ ቢያደርጓት ደሱ አልተሰማውም። ሥጋ ደዌ እንዲህ እንደሚጀምር ማን የማያውቅ አለ?

«ቀንድ አውጣ ነው የወጋኝ፤ ዓሣ የሚበላ» አለ ደሱ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኛ የምናውቀው ክረምት ጎመን ላይ የሚንፏቀቀውን ነው።

«አንተስ ልጄ፣ አብረኸው አልነበርክም?» አሉኝ አባቷ።

ዛጎሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ ጨብጦታል።

«ዋሽቼ ምን እልዎታለሁ፣ እኔስ አላየሁም» አልኩ።

ለምን? ትርንጎን ተመኝቼ? አይደለም። ደሱን ጠልቼ? እሱም አይደለም። አብረው እንዳይስቁብኝ ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ለሳቅ ብዬ ወንድሜን ሸጥኩት።

ትርንጎ ለሌላ ተዳረች። ደሱ ወደ ቆላው ሰሃላ ወርዶ ብቻውን ጎጆ ቀለሰ። ደዌ የተባለው ነገር ከዚያች ጣት አላለፈም፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ከዓመታት በኋላ በገበያ ቀን ጠላ ቤት አገኘሁት። ሰው እንዳይጨነቅ ብሎ የራሱን ቅል ከቤቱ ይዞ ይመጣል። አንድም ነገር አልወቀሰኝም። ጠላውን ቀዳና ፈገግ ብሎ «እንካ ቅመሳት» ብሎ ዘረጋልኝ።

ሰዉ ሁሉ አየኝ። እኔም «ጠጥቼ ነው የመጣሁ» አልኩ።

ደሱ አሁን የለም። ዛጎሉ እኔ ዘንድ አለ፤ ለማን ላሳየው? ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ሌላው ሰው ሳያውቅ ነው የሸሸው። እኔ ግን ያ እጅ ንጹሕ መሆኑን እያወቅሁ ቅሉን መለስኩበት።