የማን እናት በሶ?

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ... የማደሪያችን ወጥ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አንገቴን እንደከተትኩ ደርቄ ቀረሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እዚህ ቻይና ለትምህርት ከመጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ከየአገሩ የመጣን ተማሪዎች አንድ ወጥ ቤት እንጋራለን። እሑድ እሑድ በተራ እየሠራን አብረን እንበላለን። የእኔ ተራ ሲደርስ ሽሮ ነው። ሽሮዬ አንድ ቀን እንደ ጠላ ትቀጥናለች፣ አንድ ቀን ለግድግዳ ምርጊት ትሆናለች። ቢሆንም ጠርገው ይበሉልኛል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሽሮዋ አለቀች፤ የጓደኞቼ ድስት ደግሞ ሁሉም ሥጋ ሆነ። ያኔ በሶዬን አወጣሁ። ከሰቆጣ ስነሣ እናቴ የአገራችንን የደሃናን ገብስ ራሷ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በጥቁር ፌስታል አድርጋ ሻንጣዬ ውስጥ ወትፋልኝ ነበር።

«ቆጥበህ ብላ ልጀ! ሌላ የሚያመጣልህ ሰው እስቲገኝ ስንት ጊዜ ነው?» ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ እስካሁን ማንም አልመጣም።

በሶ መቼም ድስት አይፈልግም። ውኃና ጨው ጣል አድርጌ በእጄ ጨበጥ ጨበጥ... አለቀ። የመጀመሪያዋን ጭብጦ እንደጎረስኩ ግን እንባዬ መጣ። ልጅ ሆኜ እናቴ ገብስ ስትቆላ ትኩሱን ከሰፌዱ እየዘገንኩ እሮጥ ነበር። መዳፌ ይቃጠላል፤ ግን አልለቅም። «ተው አንተ፣ ሆድህን ይነፋሃል!» የሚለው ጩኸቷ ሁሉ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ሳላስበው ማዕዱን በከበቡት ጓደኞቼ ፊት ብድግ ብዬ ንግግር አደረግኩ።

«ይሄን የቆላችው እናቴ ናት! እንደ እሷ ገብስ የሚቆላ ሰው በዓለም ላይ የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ከሺህ በሶ መሃል የእሷን እለያለሁ!»

ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ፓሳንግ የሚባል ዝምተኛ የኔፓል ልጅ ብቻ ፈገግ ብሎ አቀርቅሮ ሩዙን በላ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። እጎርሳለሁ፣ እናቴን አመሰግናለሁ፣ እንባዬን እጠርጋለሁ።

ባለፈው እሑድ ፌስታሉ ባዶ ሆነ። ፋሲካ ገና ሩቅ ነው። የቀረችውን ብናኝ በጣቴ ለቅሜ ልሼ፣ ምስር ቢገኝ ብዬ ቁም ሳጥኑን ስበረብር... ከሩዙ ከረጢት ጀርባ ሌላ ጥቁር ፌስታል አገኘሁ። አፉ በአሮጌ ነጠላ ጥለት ተቋጥሯል። ያን ቋጠሮ አውቀዋለሁ፤ በጥርስ ካልሆነ የማይፈታ የእናቴ ቋጠሮ ነው። ሙሉ ነው። አልተነካም!

ታዲያ እኔ የበላሁት ምንድን ነው?

ጾሙ ሊገባ ሲል ቁም ሳጥኑ ተጠርጎ ዕቃው ሁሉ ቦታ መለዋወጡ ያኔ ትዝ አለኝ። እኔ ደግሞ ከፊት ያገኘሁትን ጥቁር ፌስታል ቋጠሮውን እንኳ ሳላይ መዝዤ ነበር የጀመርኩት። ይሄን እያሰብኩ ሳለ ፓሳንግ ሻይ ሊያፈላ ገባ። ባዶውን ፌስታል አሳየሁት።

«ይሄ... የማን ነበር?»

«የእኔ» አለ ረጋ ብሎ። «የተቆላ ገብስ ዱቄት ነበር። እኛም አገር እንደዚሁ በእጅ እየጨበጥን እንበላዋለን። እናቴ ናት የላከችልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ልነግርህ ነበር። ግን አለቀስክ። የእናቴን ሙያ እንደዚያ ያመሰገነ ሰው አይቼ አላውቅም። ባመሰገንክ ቁጥር እየደወልኩ ያልከውን እነግራታለሁ። አሁን መንደሩ ሁሉ ያውቅሃል።»

ሳቄም እንባዬም ባንድ ላይ መጡ። የእናቴን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታሁት። አንዲት ወፍራም ጭብጦ ጨብጬ በእጄ አጎረስኩት። አሁን እሱም እናቱን ያስታውስና ያለቅሳል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። አላመጠ... አላመጠ... ዋጠ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን የእናቴ ይሻላል።»

ምን ብዬ ልከራከር? ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በሰው ፊት የመሰከርኩላት እኔው ነኝ!

ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች።

«በሶው አለቀ ወይ ልጀ?»

«ኧረ እማዬ፣ ገና ዛሬ ነው የከፈትኩት።»

«እሰይ የኔ ጌታ! ቆጥበህ ብላ ያልኩህን ሰምተህ ነው!» ብላ ምርቃቱን አወረደችው። እኔም አሜን... አሜን አልኩ።

ሰቆጣ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ይቺን ጽሑፍ ለእናቴ ያነበበላት ሰው ካለ ከእኔ ጋር ተቆራርጠናል።