ከነፕላስቲኩ የተቀመጠው የሕፃን መቀመጫ

ነገሩ ከደረሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የልጅቱ እናት እንኳ አታነሳውም። እኔ ግን መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ነኝ። የፋብሪካ ሠራተኛ እናቶች ልጆቻቸውን ይሰጡናል፤ ጠዋትና ማታ የምናመላልሳቸው በማቆያው ሚኒባስ ነው።

ያኔ ደሴ ላይ ሕፃናትን በመኪና በደህና ስለማጓጓዝ ለሞግዚቶች የሁለት ቀን ስልጠና ተሰጠን። አሰልጣኟ አሸዋ የተሞላ አሻንጉሊት አሳቀፈችኝና «አጥብቀሽ ያዢው» አለችኝ። ድንገት ስትስበው ከእጄ ወጣ። «አያችሁ? መኪና ውስጥ እቅፍ ልጅ አያድንም» አለች። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። በልቤ ግን «አሻንጉሊት ስለሆነ ነው እንጂ ልጅ ቢሆን ማን ይለቃል» አልኩ። አራት ልጅ ወልጄ ያሳደግሁትን እኔን አሻንጉሊት ሊያስተምረኝ?

ስንጨርስ ለየማቆያው አንዳንድ የሕፃን የመኪና መቀመጫ ሰጡን። ማማሩ! ልጆቹ ወተት ይደፉበታል፣ ይሸኑበታል ብዬ ሳሳሁለት። የቤቴ ሶፋም እስከ ዛሬ ፕላስቲኩ አልተነሳለትም፤ ዓመሌ ነው። ከነፕላስቲኩ ቢሮ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። እንግዳ ሲመጣ አሳይ ነበር።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ማታ ልጆቹን ስናደርስ የዓመት ከመንፈቋን ሀያትን አቅፌ ጋቢና ተቀምጫለሁ። አንድ ባጃጅ ከጎን ዘው ብሎ ገባ። ሹፌራችን ፍሬን ያዘ። እጄ ባዶ ሆነ።

ያገኘኋት እግሬ ሥር ነው። ቅንድቧ ተከፍቷል፣ ድምፅ የላትም። ሐኪም ቤት ደርሰን ስታለቅስ ነው እኔም የተነፈስኩት። ስድስት ቦታ ተሰፋች።

እናቷ ዘይነባ የሥራ ጋውኗን ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አብሽሪ እትዬ፣ አላህ ያለው ነው። አንቺ ባትይዣት ኖሮ ወላሂ ዛሬ ልጅ የለኝም ነበር» አለችኝ።

ስለ መቀመጫው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ።

በማግስቱ ፕላስቲኩን በመቀስ ቀደድኩት። ከዚያ ወዲህ መቀመጫው ከሚኒባሱ ወርዶ አያውቅም። ወተትም ፈሶበታል፣ ተሸንቶበታልም፤ ታጥቦ ይመለሳል። ይኸው ነበር የፈራሁት።

ባለፈው ወር ዘይነባ ዓመት የሞላውን ወንድ ልጇን አመጣችልኝ። መቀመጫው ላይ ሳስረው ሲያለቅስ አየችና አንጀቷ አልቻለም።

«ምነው እትዬ፣ እቀፊው እንጂ። እኔ የማምነው ያንቺን እጅ ነው።»

ሀያት ከጎኗ ቆማለች። ቅንድቧ ላይ ጠባሳው ያለበት ቦታ ፀጉር አላበቀለም። ቀና ብዬ ሳላይ ቀበቶውን አጠበቅሁና «ይሄ ይሻለዋል» አልኳት።

እነግራታለሁ እያልኩ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ለዕቃ መሳሳቴ ይቆጨኛል። ምስጋናዋን ዝም ብዬ መቀበሌ ግን ከዚያም ይብሳል።