ጨረቃዋን ሳነሳ ያላነሳኋት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ነበርኩ የምለው አሁን ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ አንሺ ስለሆነ ነው፤ እኔ በስልክ ላንሳ ስል የማነሳው የገዛ አፍንጫዬን ቀዳዳ ነው። በደህናው ዘመን ግን ሙሽራውንም፣ ተመራቂውንም፣ ለመታወቂያ ብሎ ፂሙን የተላጨውንም አንስቻለሁ። ከሁሉ የማልወደው ሥራ የድንኳን ፎቶ ነበር። ሰው ታሞ ተስፋው ሲመነምን ቤተሰቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመጣና «እስቲ አንድ ደህና ፎቶ ይኑራት» ይለኛል። ያ ፎቶ በትልቁ ታጥቦ ቀብር ላይ ይያዛል፣ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥም ይቆማል። ስንቱን አልጋው ላይ ቀና አድርጌ አነሳሁ። አንዱም አልተረፈም። ቀድሞውንም በጠና መታመማቸውን ረስቼ፣ እያደር ጥፋቱን በካሜራዬ ላይ አላከክሁ።

እናም ባለቤቴ ኩላሊቷ ደክሞ፣ ከደብረ ብርሃን «ቤቷ ትረፍ» ተብላ ስትመለስ የጠየቀችኝን እንዳልሰማ ሆንኩ።

«የድንኳኔን ፎቶ አንሳኝ» አለችኝ።

«የምን ድንኳን?»

«ለሁለተኛው ሰርግህ የሚተከለው ነዋ። የምታገባህ ከተገኘች።»

«ሲሻልሽ አነሳሻለሁ።»

«ሲሻለኝማ ምን ያደርግልኛል? የመታወቂያዬን ፎቶ አሳድጋችሁ ይዛችሁ እንዳትወጡ ብዬ ነው። እዚያ ላይ ዶሮ የጠፋባት ነው የምመስለው።»

ሁለት ወር ሙሉ ሸሸኋት። ብርሃኑ አይሆንም አልኩ፤ ባትሪው ሞቷል አልኩ፤ አንድ ቀን እንዲያውም ሌንሱ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል ብያለሁ። እሷም «ጉንዳኑን አንሳዋ» አለችኝ።

ጳጉሜ ሲገባ ጨረቃ ልትጋረድ ነው ተባለ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይታያል አለ ራዲዮኑ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ያስደሰተኝ የጨረቃዋ ነገር ሳይሆን ከባለቤቴ ሌላ የማነሳው ነገር ማግኘቴ ነው። ባለሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ ከአልጋ ሥር ጎትቼ በረንዳው ላይ ተከልኩት። ከእኔ ይልቅ እሱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ክረምቱ ገና አልለቀቀም ነበር። ከደብረ ሲና በኩል ደመናው ሲወርድብን ውሏል፤ ሮቢ ወንዝ ሞልቶ ድምፁ እቤት ድረስ ይሰማል። ሙቀቱ ግን ያው የቆላ ሙቀት ነው፤ ሰው በካፊያውም በላቡም ይረጥባል። ባለቤቴ ውጭ ካልተቀመጥኩ አለች። እኔና ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ የምትነግደው ጎረቤታችን ደግፈን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጥናት፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። ወዲያው ከመስጊዱ የግርዶሽ ሶላት ጥሪ ተሰማ። ጎረቤታችን ልትሄድ ስትነሳ «ጋሼ፣ እኛ አላህን ልንለምን ነው፤ እርስዎ ጨረቃዋን ፈገግ በይ ይበሏት» አለችኝ።

ጨረቃዋ በአፋር በኩል፣ ከሜዳው በላይ፣ ጠርዟ ተገምጦ ታየች። ካሜራው እንዳይረጥብ ባለቤቴ ከወንበሯ ሳትነሳ ጃንጥላ ያዘችልኝ። ደመናው ሲገለጥ እጫናለሁ፤ ሲሸፍናት እጠብቃለሁ። አንዱ ደበዘዘ፤ አንዱ ላይ የመብራት ምሰሶ ገባበት። ቀጥሎማ የሌንሱን ክዳን ሳላነሳ፣ ደመና ነው ብዬ ቆሜ ስጠብቅ ቆየሁ። ባለቤቴ እስኪያስላት ሳቀች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ጨረቃዋ እንደ ሸክላ ቀላች። ደመናው ለጥቂት ተከፈተ።

«በል አሁን እኔን አንሳኝ» አለች።

«ቆይ፣ ይቺ ታመልጠኛለች።»

«እሷማ ነገም ትወጣለች።»

ሰምቻታለሁ። ዓይኔን ከካሜራው ሳልነቅል «ነገ ጠዋት፣ በደህና ብርሃን አነሳሻለሁ» አልኳት። ትንሽ ቆይቶ ጃንጥላው ቀስ እያለ ዝቅ አለ፤ እጇ ዝሎ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ደግፌ አስገባኋት።

ጎረቤታችን ከሶላት ስትመለስ ጎራ አለች።

«ጋሼ፣ ሹሩባዋ ፎቶው ላይ አማረ?»

«የምን ሹሩባ?»

«ከሰዓት በኋላ እኮ ነው የሠራኋት። መቀመጥ ሲያቅታት እያረፍን፣ ስንት ሰዓት ፈጀን። ዛሬ ካሜራውን ስለሚያወጣው መቼም ያነሳኛል ብላኝ ነው።»

ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገለጥ አደረግሁት። ፀጉሯ አንድ በአንድ ተጎንጉኗል። ዓይኗንም ተኩላ ነበር፤ ኩሉ በካፊያው ሟሙቶ ጉንጯ ላይ ወርዷል። ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት እያየሁ እንጀራ የበላሁ ሰውዬ፣ ምሽቱን ሙሉ አጠገቤ የተቀመጠችውን አላየሁም። ያን ጊዜም ካሜራውን አላነሳሁም። ነገ አልኩ። በማግስቱ ፊቷ አብጦ ነቃች፤ «እንዲህ ሆኜማ አልነሳም» አለች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም።

ጥቅምት ላይ አረፈች። የመታወቂያዋ ፎቶ አድጎ፣ ፍሬም ገብቶ ቀብሯ ላይ ተያዘ። ያነሳሁትም እኔ አይደለሁም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላ ፎቶ ቤት ነው። አልቃሿ ፎቶውን አየች፣ ዞር ብላ እኔን አየችና ሙሾዋን አወረደችው፦

የሰውን ሚስት ሁሉ ሰቅለህ በግድግዳ፣
የራስህን ለምን አደረግካት እንግዳ።

ለቀስተኛው መሬት መሬት አየ። እኔ ግጥሟ ልክ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ኅዳር ላይ ከቀወት ገጠር አንድ ገበሬ እናቱ በጠና ታማ ለፎቶ ጠራኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም፤ ሄጄ አነሳኋት። ያቺ አሮጊት እነሆ ድና ተነስታለች። ባለፈው ገበያ ላይ አገኘችኝና በከዘራዋ ጎኔን ነካ አደረገችኝ።

«አንተ፣ በዚያ የሞት ፎቶዬ አምሮብሻል ይሉኛል። ለልጅ ልጆቼ አንድ ሌላ ታነሳኛለህ?»

«አነሳዎታለሁ፣ እማማ። እዚሁ ይቀመጡ፣ ካሜራዬን ላምጣ።»

«ምን አስቸኮለህ? ነገም ይደርሳል።»

«አይደርስም» አልኳትና፣ በዚህ ጉልበቴ ሩጫ ከተባለ፣ እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ።