የልብስ ሰፊው እሺታ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ የሚጠራው «እምቢ» እያለ ነበር። ስም አውጪዎቹም አልተሳሳቱም። ኀሙስ ዕለት ጨርቅ ተሸክሞ መጥቶ ለቅዳሜ ሱፍ ይሰፋልኝ ያለ ሙሽራ፣ «እምቢ! ከቸኮልክ በፒጃማህ አግባ» ተብሎ ተመልሷል። ሚስቱም ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ስትኖር፣ አንድም ነገር በመጀመሪያ ልመና አግኝታ አታውቅም።

አንድ ማለዳ ሸሚዙን መቆለፍ ሲያቅተው፣ «ቀኝ እጄ ደነዘዘኝ» አላት።

«ተኝተህበት ይሆናል። ትንሽ ጋደም በል፣ ይለቅሃል» አለችውና ወደ ገበያ ሄደች። ስትመለስ አፉ ተጣሟል፤ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። ሐኪሙ ስትሮክ መሆኑን ከነገራት በኋላ፣ ክፉ ሳያስብ፣ «ምነው ቶሎ ብታመጪው ኖሮ» ብሎ ወደ ሌላ በሽተኛ አለፈ። እሱ አለፈ፤ ንግግሩ ግን እሷ ዘንድ ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ሕፃን ዳግም አፉን ሲፈታ፣ የወጣችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፦ «እሺ»። ሰፈርተኛው፣ «ጉድ እኮ ነው፣ እምቢን በሽታ ገራው!» እያለ ተሳሳቀ። እሷ ግን ጠያቂው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቃ፣ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ፣ «እጄን እያልከኝ ትቼህ ሄድኩ። ይቅር በለኝ» አለችው።

«እሺ» አላት።

ለወራት እንቅልፍ የወሰዳት በዚያች ቃል ነው።

በስምንተኛው ወር የአንጎሉ እንቅስቃሴና የልቡ ምት አንድ ላይ እንዲለካ ታዘዘለት። ታናሽ ወንድሙና ሚስቱ ደግፈው አመጡት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልኮል አልኮል ይሸታል። የምርመራ ባለሙያዋ ሜትር አውጥታ ከቅንድቦቹ መካከል እስከ ማጅራቱ ድረስ ስትለካው፣ ልብስ ሰፊው ደህናውን ግራ እጁን አንሥቶ የረገበውን ሜትር ወጠረላት።

«ይቅርታ አባቴ፣ ለካ ባለሙያ ፊት ኖሯል የቆምኩት!» ብላ ሳቀች።

በቀይ እርሳስ ምልክት አደረገች፤ ከዚያ ፀጉሩን በጣቷ እየከፈለች፣ ቅባት እየቀባች፣ ቀጫጭን ሽቦዎች ራሱ ላይ ለጠፈች። ደረቱም ላይ እንዲሁ። የአንጎሉ መስመሮች ከላይ፣ የልቡ ከታች፣ ስክሪኑ ላይ መፍሰስ ጀመሩ። ሚስቱ የማታውቀውን ፊደል ለማንበብ እንደሚሞክር ሰው አፈጠጠችባቸው።

ወንድምየው ዝም ማለት አይሆንለትም። «እትዬ፣ የስፌት መኪናውን ነገ ያ ሊገዛው የፈለገው ሰውዬ መጥቶ ይወስደዋል» አለ። «አቧራ ከሚበላው ሰው ይሥራበት። እሱም እሺ ብሏል። አይደል ጋሼ?»

«እሺ።»

ባለሙያዋ ቀና አለች። «ምን አላችሁት? ልቡ ከሰባ ሁለት ተነሥቶ መቶ አሥራ ስምንት ገባ።»

«ኧረ ምንም! እሺ ሲል አልሰማሽም?»

ባለሙያዋ ወደ ልብስ ሰፊው ጠጋ አለች። «አባቴ፣ እርስዎ ሴት ነዎት?»

«እሺ» አለ፤ ዓይኖቹ እንባ ሞሉ።

ወንድምየው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«መሣሪያው ሐሳብ አያነብም፤ ውጤቱንም የሚናገረው ሐኪሙ ነው» አለች ባለሙያዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግን እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አንዲት ቃል ትተርፈውና ለሁሉም እሷን ይላል፤ ልቡ ያሰበው ሌላ ነው። በደህና እጁ ይመልስላችሁ። አዎ ከሆነ አንዴ ይጨብጥ፣ አይ ከሆነ ሁለቴ።»

ወንድምየው እጁን ያዘ። «ጋሼ፣ መኪናውን ልስጠው?»

አንዴ ጨበጠው። ቀጥሎም ጣቶቹ እስኪንቋቁ ደገመው።

«እምቢ አለ! እምቢ አለ እኮ!» ወንድምየው እየሳቀ እንባውን ጠረገና፣ ለሰውየው ሊደውል ወጣ።

ባለሙያዋ በእርጥብ ጥጥ ከራሱ ላይ ቅባቱን መጥረግ ጀመረች። ሚስቱ ወንድምየው የለቀቀውን እጅ ያዘች። ሾርባው ጣፈጠህ ስትለው እሺ ያላት፣ ፀሐይ ላይ ላስቀምጥህ ስትለው እሺ ያላት፣ አሁን ሁሉም ባዶ ሆነ። ያቺ የይቅርታዋ «እሺ»ም። ምን መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች። ሁለቴ ቢጨብጣትስ?

«አንተ…» አለች።

ቀና ብሎ አያት። የደረቱ ሽቦዎች ገና አልተነሡም። እሷ ፊቱን ትታ ከታች የምትሮጠዋን መስመር ተመለከተች።

«…በረደህ እንዴ?»

አንዴ ጨበጣት። ሹራቧን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። እሱ ግን እጇን መልሶ ያዘ፤ ሌላ ጥያቄ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኗን ያያት ነበር። እሷም የሹራቡን ቁልፍ ልትቆልፍለት መስላ፣ እጇን ከመዳፉ ቀስ ብላ አወጣች።