በባለቤቱ የተመረመረ ሲሊንደር

ካርቶኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በባለቤቱ የተመረመረ ሲሊንደር አንሞላም» ይላል። ከሥሩ አንድ ጎረቤት በሶማሊኛ ደገመልኝ። ከኮምፕረሰሩ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ዓመታት ቆይቷል፤ ፀሐይ ቀዩን አጥቦ ሮዝ አድርጎታል። የሚያነበው ሰው ግን የለም። ሁሉም መጥቶ ይጠይቀኛል፣ እኔም ለሁሉም ያንኑ እመልሳለሁ። ሰልችቶኛል።

ጅጅጋ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው፣ ለሁለት ዓመት ብዬ። የምሠራበት ሱቅ እሳት ማጥፊያ ይሸጣል፣ ይሞላል። የሱቁ ባለቤት አንድ አሮጌ ኮምፕረሰር ከድንበር ማዶ ገዝቶ አመጣና በብረት ሲሊንደር የመተንፈሻ አየርም መሙላት ጀመርን። ደንበኞቻችን የነዳጅ ታንከር ውስጥ ገብተው የሚያጥቡና የጉድጓድ ጠራጊዎች ናቸው። የራሳቸው ሲሊንደር ለሌላቸው የምናከራያቸው ሁለት የሱቁ ሲሊንደሮችም ነበሩን።

ደንቡን ዝም ብዬ ከሜዳ አላመጣሁትም። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ አንድ ጉድጓድ ጠራጊ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሲሊንደር ይዞ መጣ። «ራሴ ነኝ የመረመርኩት፤ እንከን የለውም» አለኝ፤ አመንኩት። ገና ግማሽ ሳይሞላ ቫልቩ ተስፈንጥሮ የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። ማንም አልሞተም። የግራ ጆሮዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሱ ፉጨት በቀር የሚሰማው ነገር የለም። አዲሱ ቀለም ብረቱን የበላውን ዝገት ሸፍኖት ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ሰው የራሱን ዕቃ ሲመረምርም እንዲያው ነው።

ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ቫልቩ ተፈትቶ፣ ቀጭን መብራት ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከባለቤቱ ሌላ ሰው ውስጡን ማየትና መፈረም አለበት አልኩ። ሥራው ከባድ አይደለም፣ መፍቻና ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። እኔም ለደንበኛ እሠራው ነበር፣ ደስ ባለኝ ቀን።

ነገሩ የሆነው ዝናቡ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይዘንብ በቀረበት ዓመት ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ጅጅጋ ሥራዋን ታቆማለች፤ የሚቅመው ወደ ጫቱ፣ የማይቅመው ወደ ጥላው ይሄዳል። እኔ የምሄደው ወደ መኝታዬ ነበር። ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ አንድ ባጃጅ ከበሩ ላይ ቆመ። ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ረጅም ሽማግሌ ቢጫ ሲሊንደር እንደ ሕፃን ታቅፈው ወረዱ። ከኋላቸው አንዲት ሴት ተከተለች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፣ ፊቷ ግን አቧራ የጠጣ ነው።

ሽማግሌው የሽንሌ ሰው ናቸው። ወጣትነታቸውን በባሕር ኃይል ጠላቂነት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜያቸውን ጅቡቲ ወደብ የመርከብ ሆድ ሲፍቁ ነው ያሳለፉት። አማርኛቸው የወታደር አማርኛ ነው፣ ቀጥ ያለ። የመጡበትን ነገር ቆመው ነገሩኝ። ሴትየዋ ሀርሺን አካባቢ ብርካ አላት። ብርካ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ በዚያ አገር ሰውም ከብትም የሚኖረው በእሱ ነው። የእሷ ብርካ ተሰንጥቋል። ማታ ግድግዳው ላይ በከሰል ታሰምራለች፣ ጠዋት ስታየው ውሃው ከመስመሩ አራት ጣት ወርዷል። ሊለሰን ቢባል መድረቅ አለበት፤ የቀራት ውሃ ደግሞ ያው ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ፣ አዴር?» አልኳቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው።

«ውሃው ውስጥ ገብቼ እደፍነዋለሁ። ትንሽ ወተት በግድግዳው ሥር ትለቃለህ፤ ስንጥቁ ያለበት ወተቱን ይስበዋል። ቶሎ የሚይዝ ሲሚንቶ ትለጥፍበታለህ። እስኪይዝ ድረስ ግን እጅህን አታነሳም። ለዚህ ነው አየር የምፈልገው።»

«ሲሊንደሩን ማን መረመረው?»

«እኔ። ትናንት ከፍቼ አየሁት። የግፊት ፈተናው ማህተም የጅቡቲ ነው፣ ጊዜው አላለፈም።»

ማህተሙን አየሁት፣ እውነታቸውን ነው። የጎደለው የሌላ ሰው ዓይን ብቻ ነበር። በጣቴ ወደ ካርቶኑ ጠቆምኩ።

«አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ደንብ ነው። በል አንተ እየው» አሉኝ።

«አሁን ዘግቻለሁ፤ ነገ ጠዋት ይምጡ።»

«የሀርሺኑ መኪና ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው። ከዚህ በኋላ ሌላ የሚሄድልን ከሦስት ቀን በኋላ ነው።»

ፀሐዩ አናቴን ይመታኛል፣ ጆሮዬ ያፏጫል፤ ጠዋትም ከሦስት ሰው ጋር በዚሁ ካርቶን ስጨቃጨቅ ነው ያረፈድኩት። ስለዚህ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ «ከእኛ አንዱን ይከራዩ፣ ሙሉ ነው» አልኳቸው።

«እሱንስ ማን መረመረው?»

«እኔ።»

«የማን ነው?»

«የሱቁ ነው… የእኛ።»

ካርቶኑን ቀና ብለው አዩት። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። የእኛን ሲሊንደር ቫልቭ ትንሽ ከፈት አድርገው አሸተቱና ዘጉት። «ውስጡን መቼ ነው ያየኸው?»

«በዓመቱ መጀመሪያ» አልኳቸው።

ዋሸሁ። የምርመራ ወረቀቱ ላይ ፊርማዬ አለ፣ ፊርማውን ግን ያኖርኩት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሱቁን ሲሊንደር አንዱንም ከፍቼ አላየሁም።

«ይሄን አልወስድም» አሉ፤ ቢጫውን መልሰው ታቀፉ። ሴትየዋ ምን እንዳልኩ በሶማሊኛ ጠየቀቻቸው። እሷም እሳቸውም የሚሉትን ለመረዳት የሚበቃ ሶማሊኛ አለኝ። «ደክሞታል» ብለው መለሱላት። እኔ እንደዚያ አላልኩም። እሷ ግን አየችኝና በተሰባበረ አማርኛ «አይዞህ፣ ወላል» አለችኝ። ወላል ወንድም ማለት ነው። ባጃጁ ሄደ፤ እኔም ቆልፌ ገባሁና ተኛሁ። እንቅልፍ እንኳ አልነሳኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው ብቻቸውን መጡ፣ ከስተው። ቢጫውን ሲሊንደር በሩ ላይ አቁመው በእርጋታ ነገሩኝ። ያለ አየር ነው የገቡት፣ ትንፋሻቸውን ይዘው። ወተቱ ሦስት ስንጥቅ አሳያቸው። ሁለቱ ጠባብ ስለነበሩ ደፈኗቸው። ሦስተኛው ከታች ማዕዘኑ ላይ ነው፣ ሰፊ። ሲሚንቶው እንዲይዝ እስከ አራት መቶ እየቆጠሩ በእጅ መጫን ያስፈልጋል፤ የእሳቸው ትንፋሽ ዘጠና ላይ ያልቃል። እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ውሃው ሲሚንቶውን ይዞት ይሄዳል። ዘጠኝ ጊዜ ገቡ። በዘጠነኛው አፍንጫቸው ደማ፣ የሴትየዋ ወንድሞችም አሥረኛውን ከለከሏቸው።

«ውሃውስ?» አልኳቸው።

«አለቀ።» ከዚያ ሲሊንደሩን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ሳንባዬ ተጎድቷል፤ ይሄ ከዚህ በኋላ አይረባኝም። ጊዜ ስታገኝ ክፈትና እየው።» ስድብ የለበትም፣ ቁጣ የለበትም። ቢሰድቡኝ መልስ አላጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

የዚያኑ ቀን ከፈትኩት። መብራቱን አስገብቼ አየሁ፤ ውስጡ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ንጹሕ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የፈጀብኝ ሃያ ደቂቃም አልሞላም። እጄ ሳያርፍ የሱቁን ሁለት ሲሊንደሮች አወረድኩ። አንደኛውን ፈትቼ ስደፋው ሻይ የመሰለ የዝገት ውሃ የሱቁ ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ሁለተኛውም ያው ነው። ስንቱ ሰው ይህን ጀርባው ላይ አዝሎ ታንከር ውስጥ ገብቷል! አንዳቸውም አልተጎዱም፣ በእኔ ጥንቃቄ ግን አይደለም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው። ለሱቁ ባለቤት ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ሁለቱም ለቁርጥራጭ ብረት ሄዱ።

ካርቶኑን አልነቀልኩትም። ደንቡ ትክክል ነው፣ ጆሮዬ ምስክር ነው። የጻፍኩት ሰው እንዳይሞት ብዬ ነበር፣ በዚያ ቀን የተጠቀምኩበት ግን ቶሎ ለመተኛት ነው። አሁን ሲሊንደር ይዞ የመጣን ሰው ቢደክመኝም፣ ቢያንገሸግሸኝም ከፍቼ አይለታለሁ። የድካሙ ነገር አልተሻለኝም። ሽማግሌው የተዉት ቢጫ ሲሊንደር ጥግ ላይ ቆሟል፤ የእኔ ስላልሆነ በዓመት በዓመቱ እመረምረዋለሁ።

ሴትየዋ አሁን ከተማ ናት። ፍየሎቿ አለቁ፣ የተረፉትን ጥቂት ግመሎች ወንድሟ ይዟቸው ወደ ሌላ ግጦሽ ሄደ። ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር የግመል ወተት ትሸጣለች። መጀመሪያ ሳያት በሌላ በር መውጣት አማረኝ፣ ሱቁ ግን አንድ በር ብቻ ነው ያለው። እሷም ለየችኝና «ወላል!» ብላ ጠራችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት የምገዛው ከእሷ ነው። አማርኛዋ ከእኔ ሶማሊኛ ፈጥኖ አደገ። ዓመት ሙሉ ስለ ብርካው አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ እኔም የማታውቀው መስሎኝ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ከሥራው በላይ አደከመኝ።

አንድ ጠዋት አልቻልኩም። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሴን እንደያዝኩ ፊቷ ቁጢጥ አልኩና ነገርኳት። ያን ቀን ማየት እችል እንደነበር፣ መፍቻው ኪሴ ውስጥ እንደነበር፣ ሃያ ደቂቃ እንደማይፈጅ፣ ሲሊንደሩም ደህና እንደነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «አዴር ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አይዞህ አልሽኝ?»

«ያኔማ ሳላውቅ ነው። ምን እንዳደረግህ የነገረኝ ከተነሳን በኋላ ነው። አውቄ ቢሆን አልልህም ነበር።»

ሌላ ደንበኛ ከኋላዬ ቆሟል። እጇን ዘረጋች፣ ጠርሙሱን ሰጠኋት። እንደ ልማዴም «አጥቤዋለሁ» አልኳት።

እሷም እንደ ልማዷ ክዳኑን ከፈተች፣ ወደ ፀሐይ አንስታ በአንድ ዓይኗ ውስጡን አየች፣ አሸተተችው። ከዚያ ሞላችልኝ።