ጆንያ የሌለው ሰውዬ

እኔ ጭራቅ አይደለሁም። ሰው በስልሳ ሁለት ዓመቱ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ያወጣል? እኔ አወጣሁት፤ ያውም ሠላሳ ወላጅ ፊት። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የመዋዕለ ሕፃናት በረኛ ነኝ። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ አንድ ዘመዴ ይህን ሥራ አገኘልኝ፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመቴ። በሩ ትልቅ የብረት በር ነው፤ ለሰው የምትበቃ ትንሽ በር ከታች አለችው። መቀርቀሪያዋ አስቸጋሪ ናት፤ በትከሻዬ ትንሽ ከፍ ሳደርጋት ነው እሺ የምትለኝ። አጠገቧ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ደግሞ የትኛውን ልጅ ማን እንደሚወስደው የተጻፈበት ደብተር። እውነቱን ለመናገር ደብተሩ ለዳይሬክተሯ ነው። እኔ የልጆቹን አያቶች ከአረማመዳቸው ለይቼ አውቃለሁ።

ቁመቴ ረጅም፣ ድምፄ ወፍራም ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሰጠኝ ጥቁር ካፖርት ደግሞ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ይወርዳል። ልጆቹ «አባባ ካፖርት» ይሉኛል። ባለቤቴም ልትቀልድብኝ ስትፈልግ እንደዚያው ነው የምትለኝ። የጫማ ክር ማሰር ሥራዬ አይደለም፤ በቀን ሃያ ክር አስራለሁ። ንፍጥ መጥረግም ሥራዬ አይደለም፤ ይሁን ብያለሁ።

ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው አዳዲስ ልጆች ከነወላጆቻቸው በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ይመጣሉ። ማላመጃ ሳምንት ይሉታል። ዳይሬክተሯ ወላጆቹን ግቢ ውስጥ ሰብስባ ታስረዳለች፤ ኩባያው ላይ ስም ይጻፍ፣ ቅያሪ ልብስ በቦርሳ ይምጣ፣ ለእንቅልፍ ሰዓት ብርድ ልብስ አይረሳ። ወላጅ ሁሉ በስልኩ ይመዘግባል። ደግ ነገር ነው፤ ማን ጠላ? ግን ለልጁ ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ነገራችሁት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኩባያውን እንጂ ልጁን የሚያዘጋጀው የለም።

እኔ ግን እሰማለሁ፤ በር ላይ የቆመ ሰው የማይሰማው የለም። «ዝም ካላልክ ለዘበኛው ነው የምሰጥህ!» ይላሉ። ይህን ብለው ደግሞ እኔን በዓይን ይጠቅሱኛል፤ ዓይኔን አፍጥጬ እንዳግዛቸው እኮ ነው! መጀመሪያ መጀመሪያ እስቅ ነበር። ቆይቶ ሳቁ ቀረ። አንድ ልጅ ጠዋት በእኔ እያስፈራሩት መጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ ዋለ፤ መጸዳጃ ቤቱ በእኔ ወንበር በኩል ስለሆነ ማለፍ ፈርቶ። ያን ቀን አንጀቴ አረረ።

ዘንድሮ የሆነው ግን ከሁሉም ባሰ። ሰኞ ዕለት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የሚሏት። እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ስለሆነች የሚያመጣት አባቷ ነው፤ ቢሮ የሚሠራ፣ ስልኩን ከእጁ የማያስቀምጥ፣ ሲራመድ እንኳን ሰው የሚያባርረው የሚመስል ሰው። ልጅቷ መንገድ ተሻግራ እኔን ስታይ ቀጥ አለች። ከዚያ ጩኸቷን ለቀቀችው። የመብራት ምሰሶውን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ አልለቅም አለች። አባቷ አባበለ፣ ተቆጣ፣ ጎተተ፤ ወይ ፍንክች። ሰዓቱ አለቀና ይዟት ሄደ። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ፤ በላዩ ላይ ትውከት ተጨመረበት።

ረቡዕ ጠዋት ዳይሬክተሯ አስጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ደብዳቤ ነበር፤ የልጅቷ አባት የጻፈው። ዳይሬክተሯ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወላጅ ትፈራለች እንጂ። አንብባ ነገረችኝ፤ በረኛው ለሕፃናት ሥነ ልቦና የማይመች ነው፣ አስፈሪ ነው፣ በሩ ላይ ሌላ ሰው ይቁም ይላል።

«አባባ፣ እኔ አውቅዎታለሁ» አለችኝ። «ግን እስከ ዓርብ ልጅቷ ካልገባች ከኋላ ያለውን መጋዘን ቢጠብቁልኝ ነው የሚሻለው። ደሞዝዎ አይነካም።»

ደሞዝዎ አይነካም! መጋዘኑ ውስጥ ያለው የተሰበረ ወንበርና የቀለም ቆርቆሮ ነው። አሥራ አራት ዓመት ልጆች ሲገቡና ሲወጡ ያየ ሰው ሄዶ ቆርቆሮ ይጠብቅ? ያ በር እኮ ሥራዬ ብቻ አይደለም። ጠዋት ከቤት የሚያስወጣኝ እሱ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ውስጤ ግን ድብን ብሏል።

ነገሩን የፈታችው ሞግዚቷ ናት። ትንንሾቹን የምትይዝ፣ ገና ወጣት፣ ግን ልጅ አያያዝ የምታውቅ ናት። ረቡዕ ሚጡ እንደለመደችው ምሰሶዋን ስትይዝ ሞግዚቷ ወጥታ አጠገቧ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ነይ ግቢ አላለቻትም። አባትየው ራቅ ብሎ በስልኩ ያወራል። ቆይታ ልጅቷ ራሷ ጠየቀቻት አሉ፤ ጆንያው የት ነው? የምን ጆንያ ስትላት፣ ወተታቸውን የማይጨርሱ ልጆችን ዘበኛው በጆንያ ይከታቸዋል፣ ካፖርቱ ውስጥ ነው የሚደብቀው አለቻት። ማን ነገረሽ? አባዬ።

ሞግዚቷ ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ ሳቋ እያመለጣት ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። ደሜ ፈላ። ልብ አድርጉልኝ፤ ሰውየው ወር ሙሉ እኔን ጭራቅ እያደረገ ወተት አጠጣበት። ያየኝ እንኳን ለምዝገባ የመጣ ዕለት አንዴ ነው። ከዚያ ልጅቷ ጭራቁን በዓይኗ አይታ ስትጮህ ጊዜ፣ እስክሪብቶውን አንስቶ ሰውየው ያስፈራል ብሎ ጻፈ! ጉድ እኮ ነው። እኔ ጆንያ ተሸክሜ ነው ወገቤ የተቆረጠው፤ በዚያ ሁሉ ጆንያ ውስጥ ከዱቄት በቀር የገባ ነገር የለም።

ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። እኔ ስቆጣ አብራኝ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ አንተስ ልጆቻችንን «ሐኪሙ መርፌ ይወጋሻል» እያልክ አይደል ያሳደግካቸው አለችኝ። ትልቋ ልጃችን እስከዛሬ ሐኪም ቤት ደጃፍ ስትደርስ እጇ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ዓመት ሆዷን ሲያማት ሦስት ቀን ደብቃን ቆይታ፣ በመከራ ነው የተረፈችው። ክው አልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ራቴን ሳልጨርስ ተነስቼ ተኛሁ። በሰውየው ላይ ያለኝ ንዴት ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰበት። ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ እሱ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ።

ሐሙስም አልገባችም። ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ወላጆች ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ዳይሬክተሯ ስለ ብርድ ልብስ ትናገራለች። ትንሿ በር ክፍት ናት። ሚጡ ከውጭ ምሰሶዋን ይዛለች፣ አባቷ ሰዓቱን ያያል። ሞግዚቷ እኔን ታያለች። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ካፖርቴን አወለቅኩና ወንበሩ ላይ ጣልኩት፤ በሸሚዝ ብቻ ደፉ ላይ ቆምኩ። ወደ ልጅቷ አልቀረብኩም።

«ጌታዬ» አልኩት አባትየውን፣ «እኔ ጭራቅ አይደለሁም። ለልጅዎ ስለ እኔ የነገሯትን፣ አሁን እዚሁ እኔ ፊት ይመልሱላት።»

ይህ የእኔ ድምፅ፣ ቀስ ብዬ ባወራም ግቢውን ይሞላዋል። ዳይሬክተሯ ንግግሯን አቆመች። ወላጆቹ ዞሩ። ሰውየው ቀላ፤ እየሳቀ፣ ለልጅ የሚባል ነገር አይደል እንዴ፣ ማን የማይል አለ ብሎ ወደ ሌሎቹ ዞረ፤ እንዲያግዙት ነው። ከሠላሳው አንድም ያገዘው የለም። ግማሹ መሬት ያያል፣ ግማሹ የልጁን ኮሌታ ያስተካክላል። ሁሉም ብሎታላ!

ሞግዚቷ በለሆሳስ ይንገሯት አለችው። ያ ሁሉ ጥድፊያው ጥሎት፣ በዚያ በተተኮሰ ሱሪው አቧራ ላይ ተንበረከከ።

«ሚጡዬ፣ አባባ ልጅ አይከትም። አባዬ ነው የዋሸሽ።»

ልጅቷ ማልቀሷን አቆመች። አሰበች። ልጅ ሲያስብ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«ጆንያ የለውም?»

«የለውም።»

«ወተት የማይጠጣ ልጅ የሚወስደው ፖሊስስ?»

«እሱም የለም። እሱም ውሸት ነው።»

«በኋላ መጥቼ እወስድሻለሁ ያልከኝስ?»

እሱ እውነት ነው አላት፤ ማለ፣ ተገዘተ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። እሱም ውሸት ነው አለችው፤ ሳትጮህ፣ እንዲሁ እንደምታውቀው ነገር። እንባዋ አሁን ያለ ድምፅ ነበር የሚወርደው። እስካሁን የምትፈራው እኔን መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷ በሩን ካለፈች አባቷን ዳግመኛ የምታየው አልመሰላትም። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ስባ አቀፈችው።

ያን ጊዜ ነው ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን በደንብ ያየችው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ወንበሩ ላይ የተጣለውን ካፖርትም አየችው።

«በሩን አንተ ነህ የምትቆልፈው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አባዬን አታስወጣው።»

እሺ አልኳት። ምሰሶውን ለቀቀች። አባቷን በእጁ ይዛ አስገባችውና እኔ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ የሞግዚቷን እጅ ይዛ ወደ ክፍል ሄደች። እኔም በሩን ዘጋሁ፣ መቀርቀሪያውን ጣልኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ሰውየው ተነሳ። ስብሰባ አለብኝ፣ አለቃዬ እየጠበቀኝ ነው፣ አባቴ እባክዎ አለኝ። አባቴ! ሰኞ ዕለት «ሰውዬ» ነበርኩ። አይሆንም አልኩት። ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎት። ቆይቶ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ወደ ዳይሬክተሯ ሄደ፤ ይዟት መጣ። እሷም አባባ ይክፈቱለት አለችኝ።

«እመቤቴ» አልኳት፣ «መጋዘን የሚመድበኝን ደብዳቤ ዛሬውኑ ፈርመው ይስጡኝና ቆርቆሮውን እጠብቃለሁ። ይህን በር ግን ልጅቷ ሳትወጣ ለእሱ አልከፍተውም። እሺ ብያታለሁ።»

አልዋሽም፤ ፈራሁ። ባለቤቴ፣ ደሞዜ፣ አሥራ አራት ዓመቴ፣ ሁሉም መጣብኝ። ዳይሬክተሯ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰውየውን አየች። እኔም የክፍሉን መስኮት በአገጬ አመለከትኳቸው። ሚጡ ወንበር ላይ ቆማ፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ እኛን ታያለች።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ዛሬ አልመጣም ብሎ ለቢሮው ነገረና ተመልሶ ተቀመጠ። እጁን አነሳላት። ከመስኮቱ ወረደች። ትንሽ ቆይቶ ዳይሬክተሯን ደብዳቤዬን ይመልሱልኝ አላት። እሷም አልጨቀጨቀችም፤ ሄዳ አመጣችለት፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ይቅርታም ጠየቀኝ። ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ቂመኛ በሉኝ፤ ይቅርታው ለእኔ ብቻ አልነበረም የሚገባው።

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ልጅቷ አራት ጊዜ መስኮት ላይ ወጣች። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ እየቆየች። አምስተኛውን ጠበቅን፣ ሳትመጣ ቀረች። አባቷ መስኮቱን እንዳየ ነው የቀረው።

ሰዓቱ ሲደርስ እጇ ቀለም በቀለም ሆኖ ወጣች። እሱ ጋ አልሮጠችም። እኔ ጋ መጣች፣ ሱሪዬን ያዝ አደረገችና፣

«አሁን ክፈትለት» አለችኝ።