ዘመሮ ላይ የተሸነፈው ቡናችን

ሐሙስ፣ ወደ ዘመሮ

አክስቴ ወይዘሮ ዘርፌ በስልክ ጠርተውኝ ነው የተነሣሁት። እሳቸው መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ከተማ፣ ሻይና ቡና የሚሸጡበት ትንሽ ቤት አላቸው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ጥራት ያለው ቡና በትንሽ በትንሹ እየቆላ በሚሸጥ ድርጅት ቀማሽ ነኝ። በየአደባባዩ ማስታወቂያው የተሰቀለ፣ ሬዲዮም ጠዋት ማታ የሚያወራለት አንድ ቡና አለ። የዚያ ቡና ሻጭ አክስቴ ዘንድ መጥቶ፣ «ዓመቱን ሙሉ የእኛን ብቻ ለመሸጥ ይፈርሙ። ቤትዎን ቀለም እንቀባለን፣ ስኒውንም ጃንጥላውንም እንሰጣለን» ብሏቸዋል።

«ቅዳሜ ሊያስፈርመኝ ይመጣል። መጥተሽ ቅመሽና እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ አክስቴ።

እውነቱን ከቤቴ ሳልወጣ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ለማነጻጸሪያ ሁለት ቡና ያዝኩ፤ አንዱ የእኛ ድርጅት፣ ሌላው ስሙ የገነነ ሌላ ትንሽ የቡና መቁያ ቤት የቆላው ነው። የእጅ መፍጫዬንና ትንሿን ሚዛኔን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።

ከደብረ ብርሃን የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮና የስኳር ከረጢት ጭኗል። የጠጠሩ መንገድ ሲጀምር አቧራው በተዘጋው መስኮትም ይገባ ጀመር። ከግራም ከቀኝም የገብስ ማሳ ነው፤ አልፎ አልፎ በጎች መንገዱን ይዘጉና ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ይጠብቃቸዋል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የገብስ ቆሎ ዘገን አድርገው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። ዘመሮ ስደርስ ብርዱ ጆሮዬን ይቆነጥጥ ነበር። አክስቴ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ማታ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና አለበሱኝ፤ ከባድ ቢሆንም እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ቆይቻለሁ።

ዓርብ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ

አክስቴ ከእኔ ጋር እንዲቀምሱ የቤታቸውን ነባር ደንበኛ መሪጌታ ጥበቡን ጋብዘው ነበር። መሪጌታ በደብሩ ዜማ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓርብ ስለሆነ ጾሙ እስኪፈታ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጠበቅናቸው። መጡና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

«ቡና በሚዛን ተለክቶ ሲጠጣ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ።

ሻጩ ለናሙና ትቶት የሄደውን ጨምሬ ሦስቱን ቡና እኩል መዝኜ ፈጨሁ። የቱ የማን እንደሆነ እንዳናውቅ አክስቴ ጓዳ ገብተው ዱቄቱን በየስኒው ጨመሩ፣ የስኒዎቹ ቂጥ ላይ ምልክት አደረጉና ቦታቸውን አቀያየሩ። የፈላ ውሃ ጨመርኩ፤ አዲስ አበባ እንደማደርገው አራት ደቂቃ ጠብቄ አማሰልኩ። ቀመስን።

«ይኼ ውሃ ነው። ያኛው ይኮመጥጣል። መካከለኛው ግን ቡና ነው» አሉ መሪጌታ።

ምላሴ ከእሳቸው ጋር ተስማማ። ደግሜ ቀመስኩ፤ ያው ነው። መካከለኛውን ስኒ አነሣሁና ቂጡን አየሁ፤ የባለማስታወቂያው ቡና ነው። ውሃ የተባለው የእኛው ነበር።

ፊቴ ጋለ። እውነት እላለሁ፣ ስኒውን መልሼ አስቀምጬ «ምልክቱ ተሳስቷል፣ እንደገና እንሥራው» ማለት ቃጥቶኝ ነበር። አክስቴ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው።

«የሻጭዎ ቡና አሸንፏል» አልኳቸው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔም እሱን ነው የመረጥኩት። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።»

አክስቴ ስኒዎቹን እየሰበሰቡ፣ «ወትሮስ እዚህ አገር ምን ነገር ቶሎ ይበስላል? ባቄላ እንኳ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው» አሉ።

ቁጭ ባልኩበት ደነገጥኩ። ዘመሮ ከአዲስ አበባ ይልቅ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው እዚያ ከሚፈላበት ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በረዶ የመሰለ ስኒ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወዲያው ይበርዳል። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ለዚህ ግድ የለውም፤ ጣዕሙን በቀላሉ ይለቃል። የእኛ ግን ቀላ ያለ ነው፤ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን በሥልጠና ተምሬዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ስለምቀምስ ተጠቅሜበት አላውቅም።

ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን

በማግስቱ ሁሉንም ይበልጥ አድቅቄ ፈጨሁ፣ ስኒዎቹን በፍል ውሃ አሞቅኩ፣ ከድኜም ረዘም ላለ ጊዜ አቆየኋቸው። አክስቴ እንደገና ቦታቸውን አቀያየሩ።

በዚህ መሐል ሻጩ በፒካፕ መኪናው ደረሰና እሱም እንዲቀምስ ጋበዝነው። ደስ የሚል፣ ሳቂታ ሰው ነው።

«የእኛ ይኼ ነው፤ ምሬቱን አውቀዋለሁ» አለ። አልተሳሳተም። ሆኖም ጨልጦ የጠጣው ሌላውን ስኒ ነበር።

«ይሄስ የማነው?» ሲለኝ የእኛ መሆኑን ነገርኩት። መሪጌታም ዛሬ እሱኑ መረጡ። «ከዋጡት በኋላ እንኳ አፍ ውስጥ ይቆያል» አሉ። ስሙ የገነነው የሌላው መቁያ ቤት ቡና ግን ዛሬም ከሦስቱ መጨረሻ ወጣ።

«መቼ ነው የተቆላው?» አልኩት ሻጩን፣ ማሸጊያው ላይ ቀኑን ፈልጌ ሳጣ።

«እህቴ፣ እኔ ሻጭ ነኝ፤ እሱን አይነግሩኝም» አለና ሳቀ።

ለአክስቴ የነገርኳቸው ይህን ነው፦ የሻጩ ቡና እንደሚወራለት አይደለም፤ በደንብ ከተሠራ ጥሩ ቡና ጋር አይወዳደርም። መጥፎ ግን አይደለም። ጠዋቱን በወተት ለገበያተኛው ስናቀርበው ከሁሉም የተወደደው እሱ ነበር፤ የእኛን ወተቱ ዋጠው።

አክስቴ ትንሽ አሰቡና ወደ ሻጩ ዞሩ። «ለወተት የሚሆነውን ካንተ እገዛለሁ፤ አልፈርምም ግን። ጃንጥላህንም ይዘህ ሂድ፣ እዚህ ነፋሱ አያቆየውም።»

እሁድና ከዚያ በኋላ፣ አዲስ አበባ

እሁድ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት ዓርብ ዕለት የሆነውን ለአለቃዬ ሳላስቀር ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወረቀት አወጣና ስለ ውሃው፣ ስለ ስኒው፣ ስለ አፈጫጨቱ አንድ በአንድ ይጠይቀኝ ጀመር።

ወደ ዘመሮ የሄድኩት በሰው ቡና ላይ ለመፍረድ ነበር። ስመለስ የገባኝ፣ ቡናችንን እኛ ክፍል ውስጥ ብቻ እንዲጣፍጥ አድርገን እንደቆላነው ነው። በዚያው ሳምንት ትንሽ ጠቆር አድርገን ቆላንና ለአክስቴ ላክንላቸው። ደወሉልኝ፤ መሪጌታ ሁለተኛ ስኒ እንዲቀዳላቸው ጠይቀዋል።